ባስ ለማጥመድ የትኛው ዘንግ? የትኛው ሪል? ጥያቄና መልስ ከፖቶማክ ዳር

የፖቶማኩ፦ እንደምን አደራችሁ። ዛሬ ቅዳሜ ነው። እዚህ ፖቶማክ እንደ ባሕር በየቀኑ ይሞላል፣ ይጎድላል። ውሃው መጉደል እስኪጀምር ሁለት ሰዓት ያህል አለኝ። ባስ ስለሚባለው ዓሣ ማጥመጃ ዘንግ፣ ሪል (የክር መጠቅለያው) እና ሉር (ሰው ሠራሽ ማባበያው) ጠይቁኝ። የማውቀው የዲሲን፣ የቨርጂኒያንና የሜሪላንድን ውሃ ነው። የፖቶማክንና የኦኮኳንን ወንዝ፣ በርክ ሌክ የሚባለውን ሐይቅ። ስለ ቴክሳስና ስለ ፍሎሪዳ እዚያ ያለ ሰው ጠይቁ።

ሁለት ነገር አስቀድሜ ልበል። ፈቃድ ሳትይዙ ክር አትጣሉ። ዲሲም፣ ቨርጂኒያም፣ ሜሪላንድም ይጠይቃሉ። ጀልባ ወይም ካያክ ላይ ከወጣችሁ ደግሞ ላይፍ ጃኬቱን ልበሱት። መቀመጫ ስር የተቀመጠ ላይፍ ጃኬት ማንንም አያድንም።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም ነው ጋሼ? አንድ ምርጥ ዘንግ ይጠቁሙኝ።

የፖቶማኩ፦ ሰላም ወንድሜ። ለምን የሚሆን ምርጥ? ከዳር ነው የምታጠምደው ከጀልባ? ሣር አለው ወይስ ድንጋይ ነው? ስንት ዶላር መድበሃል? ይህን ጻፍና ተመለስ።

የስፕሪንግፊልዷ፦ እኔ ከ10 ዓመት ልጄ ጋር በርክ ሌክ ከዳር ሆነን ልንሞክር ነው። ሁለታችንም ዘንግ ይዘን አናውቅም። ለአንድ ዘንግና ሪል እስከ 100 ዶላር አለኝ። ሱቅ ገብቼ ነበር፣ ሁሉም አንድ ዓይነት መሰለኝ።

የፖቶማኩ፦ እህቴ፣ ጥያቄ እንዲህ ነው የሚጠየቀው። ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ስፒኒንግ ግዢ። ሪሉ ከዘንጉ በታች የሚንጠለጠለው ማለት ነው። አሁን ዋናው ነገር፦ ዘንጉ ላይ፣ ከመያዣው ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ደቃቅ ጽሑፍ አለ። ብዙ ሰው ቀለሙን ያያል፣ ሱቅ ውስጥ ወዝወዝ ያደርገዋል፣ ከፍሎ ይወጣል። ጽሑፉን አያነብም። እሱን አንብቢ። ርዝመት፣ ፓወር፣ አክሽን፣ የክር ጥንካሬና የሉር ክብደት ተጽፎበታል። ፓወር ዘንጉ ለመጉበጥ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ነው፣ ከላይት (ቀላሉ) በሚዲየም አልፎ እስከ ሄቪ (ጠንካራው)። አክሽን ደግሞ ከየት ጋ እንደሚጎብጥ ነው። ፋስት የሚለው ጫፉ አካባቢ ብቻ ይጎብጣል። ሞደሬት የሚለው እስከ መሃሉ ይወርዳል።

ላንቺ 6 ጫማ ከ6 ኢንች ወይም 7 ጫማ፣ ሚዲየም ፓወር፣ ፋስት አክሽን። የሉር ክብደቱ ከ1/8 እስከ 1/2 አውንስ ወይም እስከ 5/8 የሚል ይሁን። ከተጻፈው የቀለለ ብትወረውሪ አይሄድልሽም። የከበደ ብትወረውሪ ዘንጉ አንድ ቀን ይሰበራል። ለልጅሽ 6 ጫማ፣ ሚዲየም ላይት ይበቃዋል።

ሪሉ 2500 የሚል የመጠን ቁጥር ይኑረው። ሣጥኑ ላይ የቤሪንግ ብዛት በትልቁ መጻፉ አያታልልሽ። እጀታውን ይዘሽ አዙሪው፣ ይንገጫገጫል? ድራጉን አላልተሽ ክሩን ሳቢው፣ ሳይንተከተክ ለስለስ ብሎ ይወጣል? ድራግ ማለት ትልቅ ዓሣ ሲጎትት ክሩ ሳይበጠስ እንዲለቅ የሚያደርገው ነው። ከክሩ ጥንካሬ ሩብ ወይም ሲሶ ላይ ይስተካከላል። ለ8 ፓውንድ ክር ከ2 እስከ 2 ተኩል ፓውንድ ማለት ነው።

ከ100 ዶላሩ 15ቱን ለክር አስቀምጪ። ከሪሉ ጋር ተጠቅልሎ የመጣው ክር መደርደሪያ ላይ ስንት ጊዜ እንደቆየ አይታወቅም። 8 ፓውንድ ሞኖ፣ ማለት ተራውን የናይለን ክር፣ አስጠቅልዪ። ክሩ ከሪሉ ከንፈር ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ይቁም፣ ከሞላ እየዘለለ ይወጣል። ከወረወርሽ በኋላ ደግሞ ክሩ እንዲለቀቅ የከፈትሽውን የሪሉን ሽቦ በእጅሽ መልሺው። እጀታ በማዞር አትዝጊው፣ ክሩን ያጠማዝዘዋል።

የስፕሪንግፊልዷ፦ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ጽሑፉን ፎቶ አንስቼ ነው የምገዛው።

ሹፌሩ፦ እኔ ቤይትካስተር፣ ሪሉ ከዘንጉ በላይ የሚቀመጠውን፣ ገዛሁ። ሁለቴ ወርውሬ ክሩ የወፍ ጎጆ ሆነ። መኪና ውስጥ ጥዬዋለሁ።

የፖቶማኩ፦ አትጣለው። ቤይትካስተር ላይ ሉሩ ነው ሪሉን የሚያሽከረክረው። ሉሩ ሲዘገይ ሪሉ ከቀጠለ ክሩ ይከመራል። እጀታው አጠገብ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ አጥብቃት። ቀጥሎ ሉሩን አንጠልጥለህ ቁልፉን እያላላህ ልቀቀው። ቀስ ብሎ ወርዶ መሬት ሲነካ ሪሉም አብሮ መቆም አለበት። በሌላኛው ጎን ያለውን ብሬክ ከፍ አድርገው። አውራ ጣትህ ከክሩ ላይ አይነሳ። ሉሩ ውሃ ሊነካ ሲል ጫን አድርግ። በ1/2 አውንስ ሉር ተለማመድ፣ ንፋስ ከፊትህ ሲመጣ አትወርውር። ስንት አውንስ ነበር የወረወርከው?

ሹፌሩ፦ ትንሽ ነው። 1/8።

የፖቶማኩ፦ ያው ነው። ዘንግህ ላይ ምን ተጽፏል? እርግጠኛ ነኝ 1/8 አይልም። ጽሑፉን አንብቡ።

ዳግም 4፦ የትኛው ሪል ነው የሚሻለው?

የፖቶማኩ፦ ከላይ ለስፕሪንግፊልዷ እህታችን መልሻለሁ።

ሰናይት፦ ሉር ስንት ዓይነት ልግዛ? ቪዲዮ ላይ ባለ ሙሉ ሣጥን ነው የማየው። ግራ ገባኝ።

የፖቶማኩ፦ ሰናይት፣ ለመጀመሪያው ዓመት አንድ። 5 ኢንች የፕላስቲክ ትል። ሴንኮ የሚባለው ነው ስመ ጥሩ፣ ተመሳሳዮቹም ይሠራሉ። ክብደቱ ከ1/3 አውንስ ብዙም አይርቅም። ፕላስቲኩ ውስጥ ጨው ስላለ ያለ ምንም ተጨማሪ ክብደት ይወረወራል፣ ይሰምጣልም። ሲሰምጥ ሁለቱ ጫፎቹ ይንቀጠቀጣሉ። አብዛኛውን ጊዜ ባስ የሚያነሣው ያኔ ነው፣ አንቺ ምንም ሳታደርጊ።

ልጅ ሆኜ ሐዋሳ ላይ ዘንግ የሚባል አልነበረንም። ክሩን ጣታችን ላይ ጠምጥመን ነበር ቆሮሶ የምንይዘው። ዓሣው ሲነካ ጣት ያውቃል። እዚህም ያው ነው። ትሉን መሃሉ ላይ በመንጠቆ ውጊው፣ ቁጥር 1 ወይም 1/0። ወርውሪ። ሽቦውን በእጅሽ መልሺ። ዘንጉን በትንሹ ከፍ አድርገሽ ክሩን ሌባ ጣትሽ ላይ አሳርፊ። ክሩ ውሃው ላይ ረግቦ ይተኛል። ዓይንሽ ክሩ ውሃ የሚገባበት ቦታ ላይ ይሁን። ትሉ ሲወርድ ክሩም ቀስ እያለ ይገባል። እንግዲህ ክሩ ድንገት ቲክ ካለ፣ ወይም ወደ ጎን መሄድ ከጀመረ፣ ወይም ውሃው ጥልቅ ሆኖ ሳለ መሃል ላይ መግባቱን ካቆመ፣ ባስ አፉ ውስጥ አስገብቶታል። የረገበውን ሰብስቢና ሳቢ። ምንም ካልሆነ መሬት እስኪነካ ጠብቂ፣ አንዴ ከፍ አድርጊው፣ እንደገና ይውረድ። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው፣ ቶሎ ቶሎ ይጠቀልላል።

ሣር ወይም እንጨት ካለ መንጠቆውን ፕላስቲኩ ውስጥ የሚደብቀውን የቴክሳስ አሠራር ተጠቀሚ፣ 3/0 ወይም 4/0 ሰፊ መንጠቆ። ሁለት ዓሣ በያዝሽ ቁጥር የክሩን የመጨረሻ ሜትር በጥፍርሽ ዳብሺው። ከሻከረ ቁረጪና አዲስ እሰሪ። ቋጠሮውን ከማጥበቅሽ በፊት ምራቅ አስነኪው፣ ደረቅ ክር ሲጠብቅ ይግላል፣ ይደክማል።

ጣና ዳር፦ ፕላስቲክ ምን ያደርጋል? እውነተኛ ትል አለ አይደል? ባሕር ዳር ሳለሁ ሁሌም በትል ነበር።

ሰናይት፦ ትሉን ዓሣው ይውጠዋል። መንጠቆው ሆዱ ውስጥ ይገባል። መልሰህ ልትለቀው አትችልም።

ጣና ዳር፦ ለምን እለቀዋለሁ? ለመብላት ነው ያጠመድኩት። ይዞ ፎቶ ተነሥቶ መልቀቅ ፍጥረትን ማሰቃየት ነው። አባቶቻችን እንዲህ አላስተማሩንም።

ሹፌሩ፦ ትልልቆቹ እናቶች ናቸው ወንድሜ። እነሱን ከበላህ ለከርሞ ምን ትይዛለህ?

ጣና ዳር፦ ለጾም የሚሆን ሌላ ምን አለኝ?

የአርሊንግተኑ፦ ዓሣ በጾም አይበላም። ደም ያለው ነገር ነው።

ጣና ዳር፦ በእኛ ቤት ይበላል። ሁልጊዜም ይበላ ነበር።

የአርሊንግተኑ፦ በዓቢይ ጾም?

የፖቶማኩ፦ በቃ። የጾሙን ጉዳይ የንስሐ አባቶቻችሁን ጠይቁ። ስለ መብላት እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። የፖቶማክ ዓሣ ውስጥ ፒሲቢ የሚባል ኬሚካል አለ። በወር ስንት ጊዜ፣ የትኛውን ዓሣ መብላት እንደሚቻል የየግዛቱ መንግሥት ማሳሰቢያ ያወጣል። በተለይ ነፍሰ ጡርና ሕፃን ያለበት ቤት ሳታነቡ አትብሉ። ጣና ዳር፣ የበርክ ሌክንም ማሳሰቢያ እንዲሁ አንብብ። የሚለቅ ሰው ደግሞ እጁን አርጥቦ ይያዘው፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይመልሰው። ወደ ዘንግ እንመለስ።

ዳግም 4፦ የሉሩ ቀለምስ?

የፖቶማኩ፦ ውሃው ጥርት ካለ ግሪን ፓምኪን የሚባለው ቡናማ አረንጓዴ። ከደፈረሰ ጥቁርና ሰማያዊ። ሌላው ለሱቁ ነው።

የዉድብሪጁ፦ ጋሼ፣ በበጋ ፖሂክ ቤይ ጋ ሣሩ ውሃውን ሁሉ ይሸፍነዋል። የምጥለው ሁሉ ሣር ይዞ ይመለሳል። እዚያ ምን ይደረጋል?

የፖቶማኩ፦ እሰይ። ይህ ጥያቄ ደስ ይለኛል። ከምታየው ሣር አንዱ ሃይድሪላ ነው። ፖቶማክ ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። ሰው ሁሉ ጠልቶት ነበር፣ የጀልባ ሞተር ያንቃል። ባስ ግን ቤት አገኘ። ጥላ አለው፣ ትንንሽ ዓሦች ይደበቁበታል።

ሣሩ ላዩን ሲሸፍነው ባዶ ሆዷን የፕላስቲክ እንቁራሪት ጣልበት። መንጠቆዎቿ ጀርባዋ ላይ ተጣብቀው ስለሚቀመጡ ሣር አትይዝም። ሚዲየም የሚባለውን ዘንግ ግን እዚህ እርሳው። 7 ጫማ ወይም ትንሽ የሚበልጥ፣ ሄቪ ፓወር፣ ቤይትካስተር፣ ከ50 እስከ 65 ፓውንድ ብሬድ፣ ማለት የተጎነጎነ ክር። ክሩ የወፈረው ባሱ ከባድ ስለሆነ አይደለም። አብሮት የሚመጣው ሣር ነው የሚከብደው። ባሱ ውሃውን ሰንጥቆ ሲመታት ወዲያው አትሳብ። እንቁራሪቷ መጥፋቷን እይ፣ ክሩ ሲከብድ ያኔ በኃይል ሳብ።

ብሬድ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትጠቀሙ፣ ባዶ ሪል ላይ አትጠቅልሉት። ይንሸራተታል፣ ድራጉ የተበላሸ ይመስላችኋል። መጀመሪያ ጥቂት ሜትር ሞኖ አስገቡ።

እዚያ ስኔክሄድ የሚባል ዓሣም ይመታሃል። ፖቶማክ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ አለ። ጥርሱ ስለታም ነው፣ መንጠቆውን በፒንሳ አውጣ። በሕይወት ይዞ መጓጓዝ ክልክል ነው። ካያክ ላይ ከሆንክ ላይፍ ጃኬት።

ቢኒያም፦ የትኛው የስልክ አፕ ዓሣ ያለበትን ያሳያል?

የፖቶማኩ፦ አልጠቀምም።

የቤተስዳው፦ ከግሬት ፎልስ ፏፏቴ በላይ ስሞልማውዝ የሚባለው የባስ ዓይነት አለ ይባላል። በቦት ጫማ ገብቼ ልሞክር አስቤያለሁ።

የፖቶማኩ፦ አለ። ዘንጉን ቀለል አድርገው። 6 ጫማ ከ6 ኢንች ወይም 7 ጫማ፣ ሚዲየም ላይት፣ ፋስት፣ ስፒኒንግ። 10 ፓውንድ ብሬድ፣ ጫፉ ላይ 6 ወይም 8 ፓውንድ ፍሎሮካርበን፣ ውሃ ውስጥ ብዙም የማይታየው ክር። ሉሩ ኔድ ሪግ ይሁን፣ 1/10 አውንስ እንጉዳይ የመሰለች ጭንቅላትና 3 ኢንች ያልሞላች ፕላስቲክ። ድንጋይ ላይ ቀስ ብላ ትጎተት።

መግባቱን በሚመለከት ግን ስማኝ። ፏፏቴው አጠገብም፣ ታች ቼይን ብሪጅ ጋም እንዳትገባ። ላዩ የተኛ ይመስላል፣ ከስር ያለው ኃይል ሌላ ነው። ላይ ተራራው ዘንቦ እዚህ ፀሐይ ሆኖ ውሃው ይሞላል። ከፏፏቴው ርቀህ፣ ከጉልበትህ በማያልፍ ውሃ፣ ላይፍ ጃኬት ለብሰህ፣ ከሰው ጋር። ሦስተኛ ጊዜ ተናገርኩ፣ ሃያ ጊዜም እናገራለሁ።

ዳግም 4፦ ሪሉ ላይ 6.2 ለ1 የሚለውስ?

የፖቶማኩ፦ ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። እጀታውን አንዴ ስታዞር ክር የሚጠቀልለው ክፍል 6.2 ጊዜ ይዞራል። ለሁሉም ሥራ መሃለኛው እሱ ነው። 5 አካባቢ ያለው ክራንክቤይት ለሚባሉት ውሃ የሚገፉ ሉሮች ይሆናል፣ ከ7 በላይ ያለው የረገበ ክር ቶሎ ለመሰብሰብ።

ጣና ዳር፦ ጋሼ፣ ለገና አገር ቤት እሄዳለሁ። ይህን ዘንግ ይዤ ብሄድ ያገለግለኛል?

የፖቶማኩ፦ ለቆሮሶማ ሚዲየም ላይቱ ጥሩ ነው፣ ትንሽ መንጠቆና ያው የምትወደው ትል። ለአምባዛ ሚዲየም ሄቪ ያዝ። ተቆራርጦ የሚገጠም የጉዞ ዘንግ ግዛ፣ አውሮፕላን ላይ ረጅሙ ይሰበራል። ሐዋሳ ከደረስክ አሞራ ገደል ጋ ማለዳ ውጣ።

አዲስ ገቢ፦ ጋሼ ተመለስኩ። አሌክሳንድሪያ ነው የምኖረው። ከዳር ነው፣ ቤል ሄቨን አካባቢ። ሣርም እንጨትም አለ። 150 ዶላር አለኝ።

የፖቶማኩ፦ አየህ፣ አሁን ተግባባን። 7 ጫማ፣ ሚዲየም ሄቪ፣ ፋስት፣ ስፒኒንግ። ሪሉ 3000። 15 ፓውንድ ብሬድ፣ ውፍረቱ የ4 ፓውንድ ሞኖ ያህል ስለሆነ ሩቅ ይሄዳል። ጫፉ ላይ አንድ ክንድ ያህል 12 ፓውንድ ፍሎሮካርበን። በቴክሳስ አሠራር የታሰረ ትል፣ ሲነፍስ ደግሞ 3/8 አውንስ ቻተርቤይት፣ ሲጎተት የሚንቀጠቀጥ ሉር። እዚያ ውሃው በቀን ሁለቴ ወደ 3 ጫማ ይወጣል፣ ይወርዳል። ሲሞላ ባሱ ሣሩ ውስጥ ይበተናል፣ ከዳር አታገኘውም። ሲጎድል ወደ ሣሩ ጠርዝ ይወጣል። የውሃውን ሰዓት አይተህ፣ መጉደል ከጀመረ በኋላ ባሉት ሁለት ሦስት ሰዓታት ውስጥ ሂድ።

ዛሬ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ይጀምራል፣ እኔም ልነሣ ነው። የቀረ ጥያቄ ያለው ይጻፍልኝ፣ ማታ እመልሳለሁ። ዘንጉ ላይ የተጻፈውን አብራችሁ ጻፉልኝ።