ጀልባዎ ወደ ውሃ ከመግባቱ በፊት፦ የአንባቢያን ጥያቄዎች

የብርዱን ወራት መሬት ላይ ያሳለፉ ጀልባዎች ወደ ውሃ የሚመለሱበት ጊዜ ነው። የሰሞኑ ጥያቄዎቻችሁም ስለ አንቲፋውሊንግ ቀለም ናቸው። ከውሃ በታች በሚውለው የጀልባ አካል ላይ አልጌና ባርናክል እንዳይጣበቅ የሚቀባው ማለት ነው። ባርናክል ጠንካራ ነጭ ቅርፊት ያለው ትንሽ የባሕር እንስሳ ነው። አንዴ ከያዘ ሳይፋቅ አይለቅም። ጀልባው ይዘገያል፣ ነዳጅም ይበላል።

አብዛኛው እንዲህ ያለ ቀለም የሚሠራው መርዝ፣ ብዙውን ጊዜ መዳብ፣ ስላለበት ነው። መልሶቼን ስታነቡ ይህን አትርሱብኝ።

«የመጀመሪያ ጀልባዬን ገዛሁ። 6 ሜትር ፋይበርግላስ ነው። ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ላይ ውሃ ውስጥ ይቆያል። ራሴ ልቀባው እችላለሁ?» (ከአናፖሊስ)

እንኳን ደስ አለዎት! አዎ፣ ይችላሉ። መቀባቱ ቀላል ነው፤ የሚያደክመው ዝግጅቱ ነው።

መጀመሪያ ሻጩን የበፊቱ ቀለም ምን እንደሆነ ይጠይቁ። ከውሃው ጋር ቀስ በቀስ እየተላጠ የሚያልቅ ለስላሳ ዓይነት አለ፤ ደርቆ የሚቀር ጠንካራ ዓይነትም አለ። በለስላሳው ላይ ጠንካራውን ከደረቡ ተላጦ ይወድቃል።

ቀጥሎ አሮጌውን ቀለም በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ያሻሹ። ውሃ እያረጠቡ እንጂ በደረቁ በፍጹም! የሚቦነው አቧራ መርዝ ነው፣ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ተራ የጨርቅ ማስክ አይበቃም፤ ማጣሪያ ያለው ይግዙ። ጓንት፣ መነጽርና መላ አካል የሚሸፍን ልብስም ያስፈልጋል። ከጀልባው ሥር ፕላስቲክ ያንጥፉ፣ ፍርፋሪውንም ሰብስበው ለጀልባ ማቆሚያው ሠራተኞች ያስረክቡ። ልጆች አጠገብዎ እንዳይደርሱ።

ከዚያ የውሃውን መስመር በቴፕ ይለዩ። ቀለሙን በደንብ ያማስሉ፤ መዳቡ ከባድ ስለሆነ ከቆርቆሮው ሥር ይዘቅጣል። ሳያማስሉ ከቀቡ ከላይ ያለውን ደካማውን ቀለም ቀቡ ማለት ነው። ጸጉሩ አጭር በሆነ ሮለር ሁለት ጊዜ ይቀቡ። የውሃው ፍትጊያ በሚበዛባቸው ቦታዎች፣ ማለትም በውሃው መስመር፣ በፊተኛው ጠርዝና በመሪው ላይ፣ ሦስተኛ ይድገሙ። ዝገት እንዲበላው ተብሎ የታሰረውን የዚንክ ቁራጭ ግን አይንኩት። ቀለም ከነካው ሥራውን ያቆማል።

አንድ ነገር አደራ! ጀልባውን የደገፉትን የብረት እግሮች ሥራቸውን ለመቀባት ብለው በራስዎ እጅ አያንቀሳቅሱ። ጀልባ ሰው ላይ ይወድቃል። ሠራተኞቹን ይጥሩ።

«ስንት ሊትር ልግዛ?» (ከዚያው አንባቢ)

ወርዱንና ከውሃ በታች ያለውን ጥልቀት ደምረው በውሃው መስመር ርዝመት ያባዙ። ርዝመቱ 6፣ ወርዱ 2.4፣ ጥልቀቱ 0.5 ሜትር ቢሆን 17.4 ካሬ ሜትር ይመጣል። አንድ ሊትር በግምት 10 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ለሁለት ቅብ 3.5 ሊትር ገደማ ነው። አንድ ጋሎን ይበቃዎታል።

«ጀልባዬን ቅዳሜና እሁድ ብቻ ፖቶማክ ወንዝ ላይ አውርጄ ማታ በተጎታች ወደ ቤት እመልሰዋለሁ። ልቀባ?» (ከቨርጂኒያ)

አይቀቡ። አጥበው ያድርቁት፣ በቃ።

«የኔ ጀልባ አልሙኒየም ነው። ጓደኛዬ መዳብ ያለበት ቀለም ይሻላል ይለኛል።» (ከሲያትል)

ለፋይበርግላስ ጀልባ ይሻል ይሆናል። መዳብና አልሙኒየም ጨዋማ ውሃ ውስጥ ሲገናኙ ግን መዳቡ አልሙኒየሙን ይበላዋል። ቆርቆሮው ላይ «ለአልሙኒየም ይሆናል» ተብሎ የተጻፈበትን ብቻ ይግዙ። ከሥሩም የኢፖክሲ ፕራይመር፣ ማለትም ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባው መሠረት፣ ይቅደም።

«ከገዛሁት አሮጌ ጀልባ ጋር ያልተከፈተ ቀለም አገኘሁ። ትሪቡቲልቲን ይላል። የድሮው ይበልጣል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ልጠቀምበት?» (ከቦስተን)

እባክዎ አይክፈቱት! ትሪቡቲልቲን ድሮ በእነዚህ ቀለሞች ውስጥ ይገባ የነበረ መርዝ ነው። ባርናክልን በመከላከል ጎበዝ ነበር፣ እውነት ነው። ነገር ግን የሚገድለው ባርናክልን ብቻ አልነበረም። ፈረንሳይ ውስጥ በአርካሾን ባሕረ ሰላጤ ለምግብ የሚረቡት ኦይስተር የተባሉት ባለቅርፊት የባሕር እንስሳት ቅርፊታቸው ተበላሸ፣ መራባትም አቃታቸው። ሴት የባሕር ቀንድ አውጣዎች የወንድ ብልት አበቀሉ። ፈረንሳይ በ1982 ለትናንሽ ጀልባዎች ከለከለችው። አሜሪካ በ1988 ከ25 ሜትር በታች ለሆኑት አብዛኞቹ ጀልባዎች ከለከለች። በ2001 የጸደቀውና በ2008 ሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ደግሞ መርከቦችንም ጨመረ። አርካሾን ላይ ከእገዳው በኋላ ኦይስተሮቹ አገግመዋል፤ መተዉ ምን ያህል እንደሚጠቅም ከዚህ ይታያል። ቆርቆሮውን እንደታሸገ ከተማዎ አደገኛ ቆሻሻ ወደሚቀበልበት ቦታ ይውሰዱት። ቆሻሻ መጣያ ውስጥም ሆነ ቱቦ ውስጥ አይሂድ።

«ሜላረን ሐይቅ ላይ መርዛማ ቀለም ክልክል ነው አሉኝ። እውነት ነው?» (ከስቶክሆልም)

እውነት ነው። በስዊድን የመዝናኛ ጀልባ ለጣፋጭ ውሃ እንዲህ ያለ ቀለም አይቀባም። በበጋው መካከል በብሩሽ ማጠብ ይበቃል።

«ጣና ላይ መንገደኛ የማመላልስበት የብረት ጀልባ አለኝ። ዱባይ ያለ ዘመዴ አንቲፋውሊንግ ቀለም ላከልኝ። ልቀባው?» (ከባሕር ዳር)

አይ ወንድሜ፣ ይቅርብዎ። ይህ ቀለም ለባሕር የተሠራ ነው። ጣና ጨው አልባ ስለሆነ ባርናክል የለበትም። የሚይዝዎት አልጌ ቢሆን ነው፤ እሱን በብሩሽ ያስለቅቁታል። በዚያ ላይ መዳቡ ብረቱን ከነካው ዝገቱን ያፋጥነዋል። ከሁሉ በላይ ሰው ከዚያ ውሃ ይጠጣል፣ ዓሣም ይበላል። ሌላ ቦታ የማይገኙ የዓሣ ዝርያዎችም አሉበት። መርዝ አንጨምርበት።

የእርስዎ ጠላት ዝገት ነው። በበጋ ጀልባውን ወደ ዳር ያውጡት። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ብረቱ እስኪታይ ይፈግፍጉ። በደንብ ይድረቅ። ከዚያ አንቲረስት፣ በላዩ ላይ ከሁለት ቆርቆሮ ተቀላቅሎ የሚቀባ ኢፖክሲ ይቀቡ። ብየዳው ያለበትን መስመር ደግመው ይቀቡ፤ ዝገት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ዘመድዎን አመስግነው በሚቀጥለው ኢፖክሲውን እንዲልኩ ይንገሯቸው።