ምድር ባቡር ከምድር በታች ነው?

ጥያቄ፦ የምኖረው አያት ነው። ልጄ ለትምህርት ቤት ስለ ለንደን የጻፈውን ሲያነብልኝ «የለንደን ምድር ባቡር እ.ኤ.አ. በ1863 ተጀመረ» ይላል። ከመሬት ሥር ስለሚሄድ ነው ምድር ባቡር የሚባለው አለኝ። እኛ ግን የጅቡቲውን ምድር ባቡር እያልን ነው ያደግነው። እሱ መቼ ከመሬት ሥር ሄደ? ደግሞስ ደጃችን ያለው ለምን «ቀላል ባቡር» ተባለ? በሥራ መግቢያ ሰዓት ተሳፍሮ ቀላል ነው የሚል ካለ ያምጡልኝ።

መልስ፦ እርስዎ ልክ ነዎት። ልጅዎ ላይ ግን አይፍረዱ፤ ቃሉን እንደሰማው ነው የፈታው።

ነገሩ የሚጀምረው «ባቡር» ከሚለው ቃል ነው። ጣሊያኖች እንፋሎትን ቫፖሬ ይሉታል። ቃሉ በቱርክና በዐረብ አፍ ዞሮ ዞሮ እኛ ጋ ሲደርስ ባቡር ሆነ። ያኔ ሐዲድ ግዴታ አልነበረም። የእንፋሎት መርከብ የባሕር ባቡር ነበር። በሞተር የሚሠራው የእህል ወፍጮም ባቡር ተባለ። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ሰርኪስ ተርዚያን የሚባል አርመናዊ ነጋዴ ያስመጣው የእንፋሎት ተሽከርካሪ የሚሄደው በተራ መንገድ ላይ ነው። ስሙ ግን «የሰርኪስ ባቡር» ነው።

እንግዲህ ባሕር ላይ የሚሄድ ባቡር ካለ፣ የብስ ላይ የሚሄደው መለያ ይፈልጋል። ምድር ባቡር የተባለው ለዚህ ነው። «ምድር» እዚህ ጋ የባሕር ተቃራኒ ናት። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የገባው የጅቡቲው ባቡርም በዚሁ ስም ተጠራ። ውሎ አድሮ የባሕሩን ባቡር «መርከብ» የሚለው ነባር ቃል ዋጠው። ጥንዷ ሲጠፋ «ምድር» ብቻዋን ቀረች። ልጅዎ ሥራ የፈታች ቃል አግኝቶ ሥራ ሰጣት፣ በቃ።

ለንደኑን «የምድር ውስጥ ባቡር» ይበለው። ያቺ «ውስጥ» እንዳትረሳ። «ሜትሮ» ቢልም አልቆጣም፤ ግን ይህም ቃል ስለ መሬት ሥር ምንም አይልም። በ1863 ከፓዲንግተን እስከ ፋሪንግደን የተከፈተውን መስመር የዘረጋው ኩባንያ ስሙ ሜትሮፖሊታን ነበር፤ የዋና ከተማ እንደ ማለት ነው። (በነገራችን ላይ ያ ባቡር ከመሬት ሥር የሚሄደው በእንፋሎት ነበር። ጭሱን ያስቡት!) የእርስዎ ባቡር ራሱ ከአያት በአጥር መሃል አብዛኛውን መንገድ መሬት ለመሬት ይመጣና ስታዲየም ጋ ድልድይ ላይ ይወጣል። ከቃሊቲ የሚመጣው መስመር ደግሞ ምኒልክ አደባባይ አካባቢ ከመሬት በታች እንዲገባ ሆኖ ተሠርቷል። በየፌርማታው ስም ልንቀይርለት ነው?

ወደ «ቀላል» ስንመጣ፣ የእንግሊዝኛው «ላይት» ቀጥታ ትርጉም ነው። ስሙ የሚናገረው ስለ አቅም ነው። ከሜትሮ ያነሰ ሰው ይጭናል፣ ባቡሩም አጠር ይላል። ችግሩ የኛ «ቀላል» ሁለት ፊት አለው፤ ቀላል ሻንጣም እንላለን፣ ቀላል ፈተናም። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ብዙ ሰው የሰማው ሁለተኛውን ነው። እኔ ብጠየቅ «አነስተኛ ባቡር» እል ነበር። አሁን ግን ስሙ ወጥቷል፤ ሰዉም ቢሆን «ባቡር» ብሎ ያልፈዋል እንጂ ቀላሉን አይጠራውም።

ባለፈው ከአያት ስሳፈር አንድ ሽማግሌ በሩ ላይ ቆመው «ወራጅ አለ!» ሲሉ ሰማሁ። ባቡሩ እንደ ታክሲ ወያላ የለውም፤ ፌርማታው ላይ ራሱ ይቆማል። አጠገባቸው የቆመች ልጅ «አባባ፣ ይቆማል» አለቻቸውና ወደ ጓደኛዋ ዞራ «ዛሬ ቀላል ሞልቷል!» አለች። የከተማ ልጅ እንዲህ ካለ መተንፈሻ የለም ማለቱ ነው። የርስዎ ልጅም አንድ ቀን በዚህ መንገድ ከተጠቀመበት አያርሙት።