«ይለያያሉ» ወይስ «ይከፋፈላሉ»?

ጥያቄ፦ የሥነ ሕይወት ማስተማሪያ እያዘጋጀሁ «ባክቴሪያው ሲከፈል ክሮሞዞሞቹ ይለያያሉ» ብዬ ጻፍኩ። ባልደረባዬ ደግሞ «ይከፋፈላሉ» በል ይለኛል። የማንኛችን ይሻላል?

መልስ፦ ሁለቱም ሐሳቡን ያዛባሉ፤ የእርስዎ ግን ይብሳል። «ተለያዩ» ቢሉ ኖሮ አብረው የነበሩ ተራራቁ ማለት መሆኑ ይገባ ነበር። «ይለያያሉ» ሲባል ግን ለአንባቢ ቀድሞ የሚታየው «አይመሳሰሉም» የሚለው ፍች ነው። «የተለያዩ ክሮሞዞሞች» ካሉማ ጭራሽ «ልዩ ልዩ» ሆኖ ቁጭ ይላል። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው፤ ሁለቱ የአንድ ክሮሞዞም ቅጂዎች ስለሆኑ አንድ ዓይነት ናቸው።

በ«ይከፋፈላሉ» ውስጥ የተደገመው «ፋ» ደግሞ ብዙ ቦታ መቆራረስን ያመጣል። የሚከፈለው ሴሉ ነው። ክሮሞዞሙ ይቀዳል («ይባዛል» የሚሉም አሉ፣ አልቃወምም)፣ ቅጂዎቹ ደግሞ ይነጣጠላሉ።

ግሡ ቢስተካከልም ጊዜው ሊያሳስት ይችላል። «ከተቀዳ በኋላ ይነጣጠላሉ» ብለው እንዳይጽፉ። በሰው ሴል መቅዳቱ ካለቀ በኋላ ነው መነጣጠሉ የሚመጣው፤ ባክቴሪያ ግን ይህን አይጠብቅም። ኢ. ኮላይ የተባለው የአንጀት ባክቴሪያ ክሮሞዞሙ ቢዘረጋ 1.5 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል፤ ተጠማዞና ተጣጥፎ የሚቀመጠው 2 ማይክሮሜትር ገደማ በሆነ ሴል ውስጥ ነው። ቀለበት ቅርጽ ስላለው መቅዳቱ ከአንድ መነሻ ተነሥቶ በሁለት አቅጣጫ ይሄድና በማዶ ይገናኛል። ገና መንገድ ላይ እያለ ቀድመው የተቀዱት ክፍሎች መራራቅ ይጀምራሉ። ስለዚህ «እየተቀዳ ይነጣጠላል» ማለት ነው የሚሻለው፤ ይህቺ «እየ» ሁለቱ ድርጊቶች ጎን ለጎን መሆናቸውን ታሳያለች።

«ይጎተታሉ» የሚለውን ግሥም በጥንቃቄ ይጠቀሙበት። በ1963 ሳይንቲስቶቹ ዣኮብ፣ ብሬነርና ኩዛን ክሮሞዞሙ ከሴሉ ሽፋን ጋር ተያይዞ ሽፋኑ ሲያድግ ቅጂዎቹ ይራራቃሉ ብለው ነበር። በኋላ ሲታይ ግን መነሻው አካባቢ ያለው ክፍል ከሴሉ እድገት ይልቅ ይፈጥናል። ካውሎባክተር በተባለው ባክቴሪያ ውስጥ ፓርቢ የተባለው ፕሮቲን መነሻው አጠገብ ይጣበቃል፣ ፓርኤ የተባለው ሌላ ፕሮቲን ደግሞ አንዱን ቅጂ ወደ ሌላኛው ጫፍ ያደርሰዋል፤ እዚህ «ይጎተታል» ቢሉ ያስኬዳል። ኢ. ኮላይ ግን በክሮሞዞሙ ላይ ይህ ሥርዓት የለውም፤ ስለዚህ ስለ ባክቴሪያ ሁሉ ሲጽፉ «ይራራቃሉ» ይበሉ።

አንድ ቦታ ላይ ግን «ይነጣጠላሉ» ራሱ ይሳሳል። መቅዳቱ ሲያልቅ ሁለቱ ቀለበቶች እንደ ሰንሰለት ተቆላልፈው ሊገኙ ይችላሉ። ቶፖአይሶሜሬዝ 4 የተባለው ኢንዛይም አንዱን ቆርጦ ሌላውን በክፍተቱ ያሳልፍና የተቆረጠውን መልሶ ይገጥማል። «ተላቀቀ» የያዘ ነገር መኖሩን አስቀድሞ ስለሚናገር ለዚህ እሱን የሚያህል የለም።

እንዲህ ቢያደርጉት፦ «ባክቴሪያው ለመከፈል ሲዘጋጅ ክሮሞዞሙ እየተቀዳ ቅጂዎቹ ይራራቃሉ፤ በመጨረሻም የተቆላለፉት ቀለበቶች ይላቀቃሉ።»

«ክሮሞዞሞቹ» ያሉትንም «ክሮሞዞሙ» አድርጌዋለሁ፤ አብዛኛው ባክቴሪያ ከመቅዳቱ በፊት ያለው አንድ ብቻ ነው። የኮሌራው ባክቴሪያ ግን ሁለት ስላለው፣ ስለ እሱ ሲጽፉ ብዙ ቁጥሩን ከመጀመሪያው መጠቀም ይችላሉ።