ጥያቄና መልስ፦ የአባቴን ቮልስ ለትርኢት ላስቀባት ወይ?

ጥያቄ፦ አሰላሙ አለይኩም ጋሼ፣ ከደሴ ሸዋ በር ነው የምጽፍልዎት። አባቴ አላህ ይዘንለትና በ1962 ዓ.ም የገዛት ባለ 1300 ቮልስ አለችን። እሱ ከሞተ 4 አመት ሆነው፣ ከዛ ወዲህ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ነው የቆመችው። ባለፈው ባትሪ ገዝቼ ስሞክራት ተነሳች፣ ደስ ብሎኝ ሰፈሩን ዞርኩባት። አሁን ከ3 ሳምንት በኋላ አዲስ አበባ የአሮጌ መኪኖች ትርኢት አለና እየነዳሁ ልወስዳት አስቤያለሁ። ላሜራ የሚሰራው ልጅ ግን ቀለሟ ደብዝዟል፣ ፓራፋንጎዋም (ጎማውን የሚሸፍነው ላሜራ) ዝጓል፣ ስቱኮ (ጎድጓዳ መሙያ ለጥፍ) መተን በ10 ቀን ቀብተን እንሰጥሀለን፣ ሰማያዊው አርጅቷል ቀይ ይሻልሀል ይለኛል። ምን ላርግ?

መልስ፦ ወአለይኩም ሰላም ወንድሜ፣ አባትህን አላህ ይዘንለት። ሳታስቀባት በፊት ስለጠየቅከኝ ደስ ብሎኛል፣ ምክንያቱም ብዙው ሰው የሚጠይቀኝ ካስቀባ በኋላ ነው።

አታስቀባት። ቀዩንም ሰማያዊውንም አሁን እርሳው። 10 ቀን ውስጥ ተልጦ፣ ስቱኮ ተመቶ፣ ተቀብቶ፣ ደርቆ የሚያልቅ ቀለም የለም፣ ላዩ ቢደርቅም ውስጡ ገና ለስላሳ ነው፣ ሰም እንኳን ለመቀባት አንድ ወር መጠበቅ አለብህ፣ በዛ ላይ የደሴን ጉም ታውቀዋለህ፣ ከጦሳ ወርዶ ግቢው ውስጥ ሲገባ እርጥቡ ቀለም ላይ ካረፈ ነጭ ጭጋግ የመሰለ ነገር ይጥልበታል። ስቱኮውም ቢሆን ዝገቱ ሳይቆረጥ ከላይ ከተመታ ዝገቱ ከስር ስራውን ይቀጥላል፣ በአመቱ አብጦ ይፈነዳል። አሮጌ መኪና የሚያውቅ ሰው ደግሞ ትርኢት ላይ ማግኔት ይዞ ነው የሚዞረው፣ ማግኔቱ ካልያዘ ከስሩ ስቱኮ እንዳለ ያውቃል። አባትህ የነዳት ሰማያዊ ደብዛዛ ብትሆንም ከአዲስ ቀይ በብዙ ትበልጣለች፣ እኔ ይሄን ከልቤ ነው የምልህ።

ቀለሙን እንዲህ አድርገው፦ በለስላሳ ሳሙና እጠብና ጥላ ውስጥ በንፁህ ጨርቅ ትንሽ ፖሊሽ ከበሩ ስር ሞክር፣ ጨርቁ ሰማያዊ ከሆነ ከላይ ቨርኒሽ የሌለው የድሮ ቀለም ነው ማለት ነው፣ ቀስ ብለህ ስትሰራው ብርሃኑ ይመለሳል፣ ብቻ ጠርዝ ጠርዙን አትጫነው እዛ ጋ ቀለሙ ስስ ነው። ኒኬሉ ላይ ያለውን ዝገት የምግብ መጠቅለያ ፎይል በውሃ ነክረህ እሸው፣ ይለቃል። የፓራፋንጎው ዝገት የምትለው ትንሽ ከሆነ አሁን ዝገት ማስቆሚያ ቀብተህ ተወው፣ ከትርኢቱ በኋላ ተረጋግተህ ታሰራዋለህ፣ ፓራፋንጎው በብሎን ነው የተያዘው ይወልቃል።

ገንዘብህንና 3 ሳምንቱን ወደ ሞተሩና ወደ ፍሬኑ አዙረው። እኔን ያስፈራኝ «ሰፈሩን ዞርኩባት» ያልከው ነው። 4 አመት የቆመ ቤንዚን ተበላሽቷል፣ ሽታው እንደ ቀለም ማቅጠኛ ሆኖ ከሆነ ታንከሩን (ከፊት ነው ያለው ታውቃለህ) ሙሉ አራግፈው፣ እጠበው፣ ካርቡራተሩንም አስፈትተህ አስጠርገው። ከሁሉም በፊት ግን የቤንዚን ጎማውን ቀይር!! ጨርቅ የለበሰችው ቀጭን ቱቦ፣ ከታንከር ስር ያለችውም ሞተር ቤት ያለችውም። ቮልስን የሚያቃጥላት ይቺ ናት፣ ስትደርቅ ትሰነጠቃለች፣ ቤንዚን የጋለ ሞተር ላይ ይንጠባጠባል፣ የሞተሩ ግማሽ ደግሞ ማግኒዚየም ያለበት ብረት ስለሆነ አንዴ ከያዘው በውሃ አይጠፋም። አንድ ወዳጄ ሐረጎ ላይ (ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደው ቁልቁለት) እንደዚህ አይቷታል፣ ከመኪናው ወርዶ ቆሞ ከማየት ሌላ ያደረገው ነገር የለም። ካርቡራተሩ ላይ ቤንዚን የሚገባባትን ቀጭን የናስ ቧንቧም በእጅህ ነቅነቅ አድርጋት፣ የምትላወስ ከሆነ ተስፈንጥራ ልትወጣ ትችላለች፣ አስጠብቃት። በጠቅላላ የአንድ ቀን ስራ ነው፣ አብሽር። የእሳት ማጥፊያ ግን ጫን።

ሌላው ሰው የማያስበው ባትሪው ነው። ከኋላ ወንበር ስር ነው የተቀመጠው፣ ክዳኑ ከጠፋ ሁለት ሰው ከኋላ ሲቀመጥ የወንበሩ ሞላ ወርዶ የባትሪውን ጫፍ ይነካና ወንበሩ ይያያዛል። ክዳን ከሌለህ ወፍራም ጎማ ቁረጥና ከላዩ አስረው።

ፍሬን፦ የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይመጥጣል፣ 4 አመት ደግሞ ብዙ ነው። ሙሉ አውጣና አዲስ ሙላ፣ አራቱንም ጎማ አስፈትተህ ሲሊንደሮቹ እንዳልተጣበቁ፣ የፍሬኑ ሸራ (ድራሙን የሚይዘው) ዘይት እንዳልነካው እይ። የፍሬን የጎማ ቱቦዎች ከውጪ ደህና መስለው ውስጣቸው ያብጣል፣ ፍሬኑን ለቀህ እንኳን ጎማው ተይዞ ከቀረ እሱ ነው። ዘይቱ ቀለም ይበላል፣ ሰማያዊህ ላይ እንዳይፈስ። ከዛ አንተ ራስህ ከደሴ ኮምቦልቻ ወርደህ ሞክረው፣ ሐረጎን በ3ኛም በ2ኛም ማርሽ ይዘህ ውረድ እንጂ በፍሬን ብቻ አትውረድ፣ ድራም ፍሬን ሲግል እግርህ ስር ይጠፋብሀል። ስትመለስ ደግሞ ታርማበርን ወደ ደብረ ሲና ትወርዳለህ፣ ያኔ ይሄን ታስታውሰዋለህ።

አሁን ሞተሩ። ዘይት 2 ሊትር ተኩል ነው የሚወስደው፣ ፊልትሮ የለውም ወንፊት ነው ያለው፣ ወንፊቱን አውጥተህ እጠበው። ወንፊቱ ላይ የብረት ፍንጣሪ ካገኘህ ጉዞውን ሰርዘውና ደውልልኝ። የቫልቭ ክፍተት ሌሊቱን ያደረ ቀዝቃዛ ሞተር ላይ 0.15 ሚሊሜትር፣ የፑንቲና (ዲስትሪቡተሩ ውስጥ የሚከፈትና የሚዘጋው) 0.4፣ የካንዴላ (ብልጭታ የሚሰጠው) 0.7። 3ኛውን ሲሊንደር ተጠንቀቀው፣ በግራ በኩል ሆኖ ወደ ካቢኑ የተጠጋው ነው፣ ባንተ ሞዴል ዘይት ማቀዝቀዣው ከላዩ ስለተቀመጠ ንፋስ በደንብ አይደርሰውም፣ የጭስ ማውጫ ቫልቩ መጀመሪያ የሚቃጠለው እሱ ነው። ደግሞ ሞተሩን የከበበው ላስቲክ ተበልቶ ከሆነ የጋለው አየር ከስር ተመልሶ ይገባል፣ መካኒኮች ይሄን ይንቁታል፣ አትናቀው።

ቺንጋውን (ዲናሞውንና ፋኑን የሚያዞረውን ቀበቶ) በአውራ ጣትህ ስትጫነው አንድ ሳንቲሜትር ተኩል ያህል ይግባ፣ ትርፍ ቺንጋም ያዝ። መንገድ ላይ የዲናሞው ቀይ መብራት ከበራብህ እዛው ቁም፣ ነገ ባትሪ አስሞላለሁ ብለህ እንዳትቀጥል፣ ቺንጋው ተበጥሶ ከሆነ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ፋንም ቆሟል ማለት ነው፣ ትንሽ ከሄድክ ፒስተኑ ይነክሳል።

ደሴ ላይ አየሩ ከባህር ጠለል በሩብ ያህል ቀጭን ስለሆነ መኪናዋ ትንሽ ጥቁር ታጨሳለች፣ መካኒክ «ጂክሌሩን (ካርቡራተር ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍባትን ቀዳዳ) ላሳንስልህ» ካለህ እሺ አትበል። ሸዋ ሮቢት ስትወርድ ከደሴ ከ1000 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለህ፣ ሙቀቱም ሌላ ነው፣ ለደሴ የተጠበበ ቤንዚን እዛ ያንስና ሞተሩን ያግለዋል። አዲስ አበባ ከፍታዋ ለደሴ ቅርብ ስለሆነ ተዋት፣ ይሄ ለሷ አይከብዳትም።

ጎማው ላይ ካሉት ቁጥሮች የመጨረሻዎቹን 4 አንብብ፣ 2312 ካለ በፈረንጅ 2012 በ23ኛው ሳምንት የተሰራ ነው፣ ጥርሱ አዲስ ቢሆንም እሱን ይዘህ 400 ኪሎሜትር አትውጣ። ጎሚስታው ለሁሉም 30 ፒኤስአይ ንፋስ እንዳይሞላልህ፣ ፊት 18 ኋላ 26 አካባቢ ይበቃል፣ ፊቷ ቀላል ነው።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ነኝ። የአማቴ ፊያት 1100 ለልጃችን ሰርግ ደሴ ትሄዳለች፣ ኮምቦልቻ ውስጥ ደህና ናት ሐረጎን ስትወጣ ግን ትፈላለች። መካኒኩ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ጣለው፣ ለውጥ የለም።

መልስ፦ እንኳን ደስ አለሽ የኔ እህት። ቴርሞስታቱን መልሱት፣ ችግሩ እሱ አይደለም። ባቄላ ደሴ ላይ ቶሎ እንደማይበስል ታውቂያለሽ፣ ውሃው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ነው፣ ራዲያተሩም እንደዛው ነው። እንዲዘገይ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ነው፣ ስለዚ መጀመሪያ ክዳኑን ቀይሪ፣ ላስቲኩ ከደረቀ ግፊት አይዝም፣ ዋጋውም ትንሽ ነው። ቀጥሎ ራዲያተሩ ወርዶ ይጠረግ፣ ከውስጥ ደለል ከውጪ ደግሞ ነፍሳትና አቧራ ይዘጋዋል። የቦርከናን ውሃ አትጨምሩበት፣ ንፁህ ውሃና ኩላንት እኩል በእኩል ሙሉት። ከፈላችባችሁ ሹፌሩ ክዳኑን ሳይበርድ እንዳይከፍተው፣ ፊት ያቃጥላል፣ ቀዝቃዛ ውሃም እንዳይጨምር ቴስታው (የሞተሩ ራስ) ይሰነጠቃል፣ ግማሽ ሰአት ቆማችሁ ሙሽሪትን ጥላ ስር አሳርፏት።

ጥያቄ፦ ከወልዲያ ነው፣ ሞተሩ እንዲያበራ በናፍጣ ልጠበው?

መልስ፦ አይሆንም ወንድሜ። ናፍጣ ላስቲኩን ያሟሽሸዋል፣ በነጋታው አቧራ ይጠጣል፣ ሲግልም ይሸታል። ባትሪውን ንቀል፣ ዲስትሪቡተሩንና ካርቡራተሩን በፌስታል እሰር፣ በብሩሽና በሳሙና ውሃ እሸው፣ ከፀሀይ ላይ አድርቀህ ከዛ አስነሳው።