መልስ፦ ፋይሎቹ ይዘረዘራሉ፣ ሲነበቡ ግን 403 ይመጣል

ሰላም ወንድሜ፣ ፓይፕላይንህ (ዳታውን ደረጃ በደረጃ የሚያቀነባብረው ፕሮግራም) ኤስ3 ባኬት (የአማዞን የደመና ፋይል ማከማቻ) ውስጥ ያሉትን ፋይሎች እየዘረዘረ ለማንበብ ሲሞክር ግን 403፣ ማለትም «አልተፈቀደም» የሚል ስህተት፣ የሚመልስልህ የመግቢያ ቁልፉ ተበላሽቶ አይደለም። ቁልፉ ቢበላሽ ኖሮ መዘርዘሩም ባልሠራ ነበር። ፈቃዱን የሰጠኸው ለባኬቱ ብቻ ይመስለኛል። መዘርዘር ባኬቱ ላይ የሚሰጥ ፈቃድ ነው፤ ማንበብና መጻፍ ደግሞ በውስጡ ባሉት ፋይሎች ላይ። ስለዚህ ፖሊሲው (ፈቃዶቹ የሚጻፉበት ሰነድ) ውስጥ ሁለት የተለያዩ አንቀጾች ጻፍ። የመዘርዘሪያው የባኬቱን አድራሻ ብቻ ይያዝ፣ የማንበቢያው አድራሻ ግን መጨረሻው ላይ /* ይኑረው። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህችን ኮከብ ነው።

ይህን አስተካክለህም ካልሠራ ፋይሎቹ በራስህ የኬኤምኤስ (የአማዞን የምስጠራ ቁልፍ አገልግሎት) ቁልፍ ተመስጥረው እንደሆነ እይ። ከሆኑ የመፍቻ ፈቃድ ለብቻው ያስፈልጋል።

እባክህን፣ ለጊዜው ለመገላገል ብለህ ባኬቱን ለሁሉም ክፍት አታድርገው። የሰዎች መረጃ ካለበት ጉዳቱ በአንተ ብቻ አያበቃም። ጥሬ ዳታው ላለበት ፎልደር የማንበብ ፈቃድ ብቻ ስጥ፣ ውጤቱ ለሚቀመጥበት ደግሞ የመጻፍ። በነገራችን ላይ፣ ስሌቱን የሚሠራው ማሽንም ከባኬቱ ጋር አንድ ሪጅን (የአማዞን ዳታ ማዕከላት ያሉበት አካባቢ) ውስጥ ይሁን፤ ከሪጅን ወደ ሪጅን የሚተላለፍ ዳታ ያስከፍላል።