ከጣሪያ ላይ የሚለቀሙ እርግቦች

ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን፣ አንድ ወጣት እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦ «ጋሼ፣ 26 የሚበሩ እርግቦች ነበሩኝ። ከጥቅምት መግቢያ ወዲህ ዘጠኙን ጭልፊት ወስዶብኛል። ጠዋት አብልቼ ሁልጊዜ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እለቃቸዋለሁ። ሃያ ደቂቃ ያህል ዞረው ቆርቆሮው ላይ ያርፋሉ፤ ብጠራቸውም ቶሎ አይገቡም። ማስፈራሪያ አቆምኩ፣ አሮጌ ሲዲ አንጠለጠልኩ፤ ጭልፊቱ ለሳምንት ጠፍቶ ተመለሰ። ጓደኞቼ አንዷን መርዝ ቀብተህ ልቀቃት ይሉኛል፤ ነጮቹ ስለሚስቡት ሽጣቸው የሚሉኝም አሉ። እርስዎ ምን ይመክሩኛል?»

ወንድሜ፣ ከመርዙ ልጀምር፤ ነገ ጠዋት ልታደርገው ትችላለህና። አታድርገው። መርዝ የተቀባች እርግብ ለጭልፊቱ ብቻ አትደርስም። ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ብትወድቅ ውሻ ይበላታል፣ የውሻውን ሬሳ ጥንብ አንሳ ይበላዋል፣ ላባዋን ደግሞ ሕፃን ያነሳዋል። በዚያ ላይ የአገራችን የዱር እንስሳት ሕግ ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል፤ ወንጭፍም ቢሆን ያው ነው። ሕጉን ለጊዜው ብንተወው እንኳ ትርፍ የለውም። ጥሩ የአደን ቦታ ባዶ አይቀመጥም፤ አንዱን ብትገድል ሌላው ይወርሰዋል።

የእኔ እንጀራ ብየዳ ነው። በርና መስኮት እሠራለሁ። የእርግብ ቤት መሥራት የጀመርኩት ለራሴ ነበር፤ ኋላ ጎረቤት አየ፣ የጎረቤት ጎረቤት አየ። ስለዚህ የምሰጥህ ምክር በአብዛኛው ስለ በር ቢሆን አትገረም።

አስቀድሜ ግን ልጠይቅህ። ዘጠኙም ሲወሰዱ በዓይንህ አይተሃል? እኔ አንድ ጊዜ ወር ሙሉ ሰማይ ሰማይ ሳይ ከርሜ ነበር። ሌባው በቆርቆሮውና በግንቡ መካከል፣ ቡጢ በማታህል ክፍተት የሚገባ ሽለምጥማጥ ሆኖ ተገኘ። ማታ ወለሉ ላይ አመድ ነስንሼ ጠዋት ዱካውን ያየሁ ቀን በራሴ አፈርኩ። የተበላችበትን ቦታ ፈልገህ ላባውን አንሳና ተመልከት። ላባው ከነግንዱ ሙሉ ሆኖ ተነቅሎ አንድ ቦታ ዙሪያውን ተበትኖ ከሆነ አዳኝ ወፍ ነው። ግንዱ ተቆርጦ ወይም ታኝኮ ከሆነ ድመት ወይም ሽለምጥማጥ ነው፤ ያን ጊዜ ሰማዩን ተወውና ቀዳዳ ድፈን። ጠዋት በቤቱ ውስጥ ራሷ የተቆረጠች ካገኘህ ደግሞ የሌሊት እንግዳ ገብቷል ማለት ነው፤ ጉጉትም ሊሆን ይችላል።

አዳኝ ወፍ ነው ካልን፣ እኛ ሁሉንም በአንድ ስም ጭልፊት ብንለውም አንድ ዓይነት አይደለም። ቡናማው፣ ጅራቱ መሐሉ ላይ እንደ ሹካ የተሰነጠቀው፣ ቀኑን ሙሉ ከላይ ሲዞር የሚታየው፣ ስሙ ከሥራው የከፋ ነው። ሐረር ጁገል ሥጋ ተራ ሄደህ ከሆነ ታውቀዋለህ፤ ከሰው እጅ ሥጋ ነጥቆ የሚሄደው እሱ ነው። ጫጩትና የታመመች እርግብ አይምርም፣ ጤነኛ በራሪ አሳዶ መያዝ ግን ብዙም አይሆንለትም። ሰው ሁልጊዜ የሚያየው እሱን ስለሆነ ጥፋቱን ሁሉ በእሱ ላይ ይጥላል።

የሚያስፈሩት ሁለት ናቸው። አንደኛው ክንፉ እንደ ማጭድ ሹል የሆነ፣ ከዓይኑ ሥር ጢም የሚመስል ጥቁር መስመር ያለው ነው። ገደል ይወዳል፤ ወደ ደንገጎ ሲወጣ የሚታየው ዓይነት ተራራ ለእሱ ቤቱ ነው። ከላይ ክንፉን ሰብስቦ ይወረወራል። ከዚህ ወገን ፈጣኑ በቁልቁለት ሲወርድ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይደርሳል፤ አንዳንዴም ባልና ሚስት ሆነው ያድናሉ። ሁለተኛው ክንፉ አጭርና ክብ፣ ጅራቱ ረጅም ነው። እሱ ሰማይ ላይ አይዞርም። ኒም ወይም ግራር ውስጥ ተደብቆ ይቀመጥና ዝቅ ብሎ፣ በአጥር ተከልሎ ይመጣል። አብዛኛውን ጊዜ የምታየው እርግብህን ይዞ ሲሄድ ነው። በሁለቱም ወገን ሴቷ ከወንዱ ትበልጣለች።

የደብዳቤህ ቁልፍ ያለው «ቆርቆሮው ላይ ያርፋሉ፣ ቶሎ አይገቡም» ባልከው ላይ ነው። ተጠጋግተው፣ እንደ አንድ አካል እየታጠፉ ወደ ላይ የሚወጡ እርግቦችን ለመያዝ ለየትኛውም ጭልፊት አድካሚ ነው። ጣሪያ ላይ ግን አንዷ ክንፏን ትዘረጋለች፣ ሌላዋ ታጌጣለች፣ ወንዱ ሴቷን እየዞረ ያጉረመርማል። በዚያ መሐል ጥላ ሲያልፍ ሁሉም በየአቅጣጫው ይበተናሉ፤ እሱም የሚፈልገው ለብቻዋ የቀረችዋን ነው። እርግቦችህ ሰማይ ላይ ሃያ ደቂቃ ቆይተው ጣሪያ ላይ አርባ ደቂቃ የሚቀመጡ ከሆነ፣ እያበረርካቸው ሳይሆን እያሰጣሃቸው ነው።

ይህን ትምህርት የሰጠችኝ አንዲት ግራጫ ሴት እርግብ ናት። ከጥፍሩ አምልጣ ቆርቆሮዬ ላይ ወደቀች። ከውስጥ ሆኜ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ደም መስሎኝ ነበር። መሰላል አቁሜ ስወጣ ከጉረሮዋ በታች የእህል ከረጢቷ ተቀዷል፤ በቅዳዱ እየወጣ ቆርቆሮው ላይ የሚንጠባጠበው ከመልቀቄ በፊት ያበላኋት ማሽላ ነበር። እህሉ ገና አልራሰም። የጠገበች እርግብ ከባድ ናት፤ ከዚያም የባሰው፣ ወደ ቤት የሚያስቸኩላት ነገር የለም።

እንግዲህ ከማብረር በፊት ማብላት ከዛሬ ጀምሮ ይቅር። አንድ እርግብ በቀን 30 ግራም አካባቢ እህል ይበቃታል፤ ለቀሩህ 17 እርግቦች ግማሽ ኪሎ ገደማ ማለት ነው። ሲሶውን ከበረራ ሲመለሱ፣ ቀሪውን ማታ ስጣቸው። ውሃ ግን በዚህ ሙቀት ለአንድ ሰዓት እንኳ አይጓደል። እህሉን ስትሰጥ ጣሳ ውስጥ ጥቂት ፍሬ ጨምረህ አንቀጭቅጭ። አንድ ነገር ጠብቅ፦ ጣሳውን አንቀጭቅጨህ እህል ሳትሰጥ አትቅር። ሁለት ጊዜ ከዋሸሃቸው ሦስተኛውን አይሰሙህም።

አሁን ወደ በሩ። እንደገመትኩት የአንተ በር በገመድ የሚሳብ የሽቦ መዝጊያ ነው፤ ከፍተህ ትጠብቃለህ፣ ሁሉም እስኪገቡ ደግሞ የገቡት ይወጣሉ። ይህን ተውና በራሱ የሚሠራ መግቢያ ሥራ። 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 30 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ክፍት ቦታ በቱቦላሬ ፍሬም ያዝ። ከላይኛው ጠርዝ ትንሽ ወረድ አድርገህ አንድ ቀጭን ዘንግ አግድም በይድ። በዘንጉ ላይ ሦስት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸውን ቀጥ ያሉ ሽቦዎች ጫፋቸውን ቀለበት አድርገህ አንጠልጥል፤ በመካከላቸው አምስት ሴንቲ ሜትር ይኑር፣ እንዳይንሸራተቱም በቀለበቶቹ መካከል ቁራጭ የፕላስቲክ ቱቦ አስገባ። የሽቦዎቹ የታችኛው ጫፍ ከደፉ በስተውስጥ በኩል አንድ ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይረፍ። እርግቧ ከውጭ በደረቷ ስትገፋ ሽቦው ወደ ውስጥ ይሄዳል፤ ከውስጥ ወደ ውጭ ስትገፋ ደፉ ይይዘዋል። ገመድ አያስፈልግ፣ ዘበኛ አያስፈልግ። የተቆረጠውን ጫፍ ሁሉ በሞረድ አልስልሰው፤ አንድ ጊዜ የወጋት እርግብ ያንን በር ትጠላዋለች።

ከበሩ ፊት ማረፊያ ጣውላ አድርግ። ጣውላ አልኩ፤ ድሬዳዋ ውስጥ ከላሜራ ማረፊያ የሠራ ሰው እርግቦቼ ለምን አይገቡም ብሎ መጠየቅ የለበትም፤ እስኪ ራሱ በባዶ እግሩ ይቁምበት። ከማረፊያው በላይ ቆርቆሮውን 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ፊት አውጣው። ያ ጥላ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ከላይ የሚወረወረውን መንገድ ይዘጋበታል፣ እግራቸውንም ያቀዘቅዛል። መጀመሪያ ሽቦዎቹን ወደ ላይ አስረህ ክፍት በሆነ በር ይለማመዱ፤ ከዚያ በየቀኑ ሁለት ሁለቱን አውርድ። በሳምንት ውስጥ ተርበው ከሆነ ሁሉም ይለምዱታል። አንዷ እምቢ ካለች በእጅህ ይዘህ ደረቷን ከሽቦው ጋር አስነካትና ግፋት፤ ሦስት ጊዜ ይበቃታል።

መስኮቱ ላይ ስላለው ወንፊት አልነገርከኝም። ቀጭኑ የዶሮ ሽቦ ከሆነ ቀይረው፤ ሽለምጥማጥ ይቀደዋል፣ ጭልፊትም ዓይኑ ሰፊ ከሆነ ጥፍሩን አስገብቶ ውስጥ ያለችውን ይይዛል። ዓይኑ ከሁለት ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ፣ የተበየደ ወንፊት አድርግ።

በሩ እስኪሠራና እስኪለምዱት ሁለት ሳምንት አታብርራቸው። ይህ ከሁሉም የሚከብደው ምክር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ጠዋት ተነስቶ ሰማዩን ባዶ ማየት ለእርግበኛ ሰው እንደ ሕመም ነው። ነገር ግን ጭልፊቱ የአንተን አንድ ሰዓት ተኩል እንደ ባቡር ሰዓት አጥንቶታል። ምግብ ሳያገኝ ሲመላለስ ይሰለችና አደኑን ሌላ ቦታ ያደርጋል። ከዚያ በኋላም ቢሆን በየሦስት ቀኑ፣ ሰዓቱን እየቀያየርክ ልቀቅ። ሹል ክንፉ ንጋትና ማምሻ ላይ ይበረታል፣ ስለዚህ ጎህ ሲቀድ አትልቀቅ። የጀመረህ ጥቅምት መሆኑም ያለ ምክንያት አይደለም። ከመስከረም እስከ ኅዳር ከአውሮፓና ከእስያ የሚሰደዱ አዳኝ ወፎች ከየመን ባብ ኤል ማንደብን ተሻግረው በጅቡቲ በኩል ወደ እኛ ይገባሉ። አብዛኞቹ እርግብ የማይነኩ ንስሮችና መሰሎቻቸው ናቸው፤ የሚነኩትም ግን አብረው ይመጣሉ፣ ብዙዎቹም እስከ መጋቢት ይቆያሉ። እነዚህን ወራት ለማራባት ተጠቀምባቸው፤ የሚያሳድጉትን አጥብቀህ አታብርር።

ግቢህ ውስጥ አውራ ዶሮ አለ? ከሌለ ግዛ። ጭልፊት ሲያይ የሚያሰማው ድምፅ ውሻ ሲያይ ከሚያሰማው ይለያል፤ አንገቱን ወደ ጎን አዙሮ በአንድ ዓይኑ ወደ ሰማይ ሲመለከት አንተም ተመልከት። ቁራም ጥሩ ነው። ቁራዎች አንድ ዛፍ ላይ ተሰብስበው ሲጮኹ ከሰማህ በዚያ ዛፍ ውስጥ የተደበቀ አለ፤ የዚያን ቀን በሩን አትክፈት። እርግቦችህ አየር ላይ እያሉ ከመጣ ግን ጣሳውን አስቀምጥ። አትጥራቸው። ከፍ ይበሉ፣ ይራቁ፤ እሱ ሳይሄድ ብታወርዳቸው አንተው ራስህ ታቀብለዋለህ።

ስለ ነጮቹ፦ ነጭነት ራሱ ጥፋት የለበትም። ችግሩ በጨለማ ቀለም መንጋ ውስጥ አንዲት ነጭ ብቻ ስትኖር ነው፤ ዓይን ያርፍባታል። ሁለት ካለህ ወይ ጨምር ወይ ለይተህ አሳድር። በካሊፎርኒያ ለሰባት ዓመት የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት እንዲያውም ከጅራታቸው በላይ ወገባቸው ላይ ነጭ ያለባቸው እርግቦች ከሌሎቹ ይልቅ ከጭልፊት እንደሚያመልጡ አሳይቷል። ስለዚህ ከመሸጥህ በፊት ሌላ ነገር እይ፦ የክንፍ ላባ የጣለችውን፣ የምታስነጥሰውን፣ ከመንጋው ኋላ የምትቀረውን አታብርር። ገና የገዛሃትንም እንዲሁ። ጭልፊት ቀለም ከመምረጡ በፊት ድክመት ይመርጣል።

ማስፈራሪያውንና ሲዲውን ካልነቀልክ በየሁለት ቀኑ ቦታ ቀይርላቸው፤ አንድ ቦታ የቆመ ማስፈራሪያ ከሳምንት በኋላ ለጭልፊቱ መቀመጫ ይሆናል።

የቆሰለች ከመጣችልህ በጨለማ ካርቶን ውስጥ፣ ጸጥ ባለ ቦታ አስቀምጣት። ቁስሉን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ እጠብ፤ ለግማሽ ሊትር አንድ ያልሞላ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል። የጠጣችው ውሃ በደረቷ ከወጣ የእህል ከረጢቷ ተቀዷል፤ አታብላት፣ አታጠጣት፣ ቶሎ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዳት። ከረጢቱና ቆዳው ለየብቻ መሰፋት አለባቸው፤ በቤት ውስጥ በክር አንድ ላይ ከተሰፉ መልሶ ይፈነዳል። ግራጫዋን እንዲህ አሰፍቼ ድናለች።

ከዘጠኙ አንዳንዶቹ በድንጋጤ ርቀው፣ የሰው ጣሪያ ላይ ያሉ ሊሆኑ ይችላሉ። አዲሱ በር ማንም ሳይኖር ስለሚያስገባ ቀኑን ሙሉ ሽቦዎቹ እንዳይገፉ አድርገህ አትሰራቸው። እኔ ጠፍታለች ያልኳት አንዲት ቀይ ከአራት ቀን በኋላ ጠዋት ከውስጥ፣ ውሃው አጠገብ ቆማ አገኘኋት። ጅራት አልነበራትም፤ በጥፍሩ ውስጥ ጥላለት መጥታለች። በስድስት ሳምንት ገደማ አዲስ አበቀለች።