«ይቅር ካልሽ ፈርሚ» ለተባለችው እህት

ጥያቄ፦ መምህር፣ ታናሽ ወንድሜ አምና በመጠጥ ቤት ጠብ በስለት ተወግቶ ሞተ። የወጋው ልጅ ጥፋተኛ ተብሏል፤ ቅጣቱ ሊወሰን ነው። ሽማግሌዎች ድንጋይ ተሸክመው መጥተው «ታርቀናል ብላችሁ ፈርሙልን» አሉን። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። አጎቴ ደግሞ «ዕድሜ ልክ ይፈረድበት በሉ» ይላል። ካልፈረምኩ መቁረብ እችላለሁ? ለመሆኑ ተበዳይ በቅጣቱ ላይ አፍ አለው?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ፤ የወንድምሽን ነፍስ ይማር።

ይቅር ስለማለት አልሰብክሽም፤ «አባታችን ሆይ»ን በየቀኑ ትደግሚያለሽ። የማወራሽ ደጋግሞ ስለሚገጥመኝ ስሕተት ነው። ብዙ ምእመናን ይቅርታን የክስ መዝገብ መዝጊያ ያደርጉታል። «ይቅር ካልሽ ምን ፍርድ ቤት ያስኬድሻል?» ይሏታል ያዘነችውን።

ቅዱስ ጳውሎስ ሮሜ 12 መጨረሻ ላይ ራሳችሁ አትበቀሉ ይላል። ጥቂት ዝቅ ብሎ ምዕራፍ 13 ላይ ደግሞ ሹም ሰይፍ በከንቱ አይታጠቅም ይላል። እኛ ምዕራፍ ቁጥር አይተን ሁለት ትምህርት እናደርገዋለን እንጂ ነገሩ አንድ ነው። በቀሉን ከእጅሽ የምትጥዪው ዳኛ ስላለ ጭምር ነው።

ተበዳይ አፍ አለው ወይ? አለው። ዘጸአት 21፥22ን አንብቢው። ሰዎች ሲጣሉ ነፍሰ ጡር ሴት ቢመቱና ፅንሱ ቢወጣ ካሳውን ባልየው ይጠይቃል፤ የሚከፈለው ግን ፈራጆች ባሉበት ነው። ተበዳይ ይናገራል፣ ዳኛ ይመዝናል። በእኛም አገር በፍትሐ ነገሥት ዘመን ነፍሰ ገዳይ ለሟች ዘመዶች ይሰጥ ነበር። ከፈለጉ ይገድሉታል፣ ከፈለጉ የደም ዋጋ ተቀብለው ይምሩታል። እስቲ አስቢው፣ ያንን ምርጫ ለእናትሽ ቢሰጧት! ዛሬ ከሳሹ ዐቃቤ ሕግ ነው፤ የሽማግሌ እርቅም የግድያ ክስ አይዘጋም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 82 ቅጣት ማቅለያ ብሎ ከሚቆጥራቸው አንዱ የጥፋተኛው ጸጸትና በደሉን ለመካስ መድከሙ ነው። የሚመዘነው የእሱ ንስሐ ነው፤ የአንቺ ጽድቅ አይደለም።

ስለዚህ ወረቀቱ ላይ «ታርቀናል» የሚል ካለና እናትሽ ገና ግድግዳ ግድግዳውን የምታይ ከሆነ አትፈርሙ። ውሸት ነው። ልባችሁ ቀልሎ ምሕረት ብትለምኑለት ግን ደስ ይለኛል፤ እስጢፋኖስም ለወጋሪዎቹ ለምኗል። ማንም በድንጋይ ስላላስገደደው ነው የሚያምረው።

ለአጎትሽም ንገሪልኝ። ችሎት ፊት ያጣችሁትን ተናገሩ፤ የቤት ኪራዩን ማን ይከፍል እንደነበር፣ እናታችሁ ማታ ማታ በሩን ሳትቆልፍ እንደምትተኛ። እውነት ነውና ይሰማ። የዓመቱን ቁጥር ግን ለዳኛው ተዉለት። ቁጥሩን እናንተ ከጠራችሁት በየዓመቱ ስትቆጥሩት ትኖራላችሁ።

ቁርባኑን በተመለከተ፣ አለመፈረም አይከለክልሽም። ቂም ካለ ግን ለንስሐ አባትሽ እሱን ንገሪ፤ ወረቀቱን ሳይሆን።

ይህን ያህል የምከርረው ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ጊዜ ተደፍራለች ለተባለች ልጅ ሽምግልና ተቀምጬ ነበር። ወንዶቹ ምንጣፍ ላይ ብር እንቆጥራለን፤ ልጅቷ ጓዳ ቡና ትቆላለች። ጭሱ እኛ ድረስ ይመጣ ነበር። ምን እንደምትፈልግ ማንም አልጠየቃትም። እኔም አልጠየቅኋትም። መስቀል ይዤ መርቄ ወጣሁ። ያን ቀን ታርቀናል ያልነው እኛ ነን፤ እሷ አፏን አልከፈተችም።

ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ ድንጋዩን ከደጅ አስቀምጠው ይግቡ በሉ። መጀመሪያ እናትሽ ትናገር። ዝም ካለችም ቡናቸውን ጠጥተው ሌላ ቀን ይምጡ።